ይሉኝታን በደብተር መመዘን

«ይሉኝታ» የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁ አድምጡት፤ «ምን ይሉኛል?» የሚል ሐሳብ በውስጡ አለ። ስሜት የምንለው ነገር ከሥሩ ሐሳብ ነው።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጭንቀትና በትካዜ የተያዙ ሕሙማንን ሲያዳምጥ፣ ሳይጠሩት ብልጭ የሚል፣ እውነትነቱ ያልተመረመረ ሐሳብ ስሜታቸውን እንደሚነዳ ተረዳ። ከዚህ የተነሣው ሕክምና ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይባላል፤ ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ ይፈትሻል። በ934 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺም ጤነኛ ሰው መድኃኒት በቤቱ እንደሚያኖር፣ ለጭንቅ ቀን የሚሆን ሐሳብ በደህናው ጊዜ እንዲያሰናዳ መክረው ነበር።

ወደ ፔዳ እንምጣ። ከቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ ስሙን የወሰደው ይህ የባሕር ዳር ሰፈር ተማሪና መምህር የበዛበት ነው። በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት የምትኖር መምህርት አለች እንበል። የአጎቷ ልጅ ሊማር መጥቶ አብሯቸው አለ። አሁን ደግሞ አክስቷ ደውለው «ልጄን ለዓመት ያዥልኝ» አሏት። አፏ «እሺ እትዬ» ይላል፤ ማታ በባሏና በልጆቿ ላይ ትጮኻለች።

ሕክምናው ደብተር አውጪ ይላታል። ብልጭ ያለውን ሐሳብ እንዳለ ትጻፈው፦ «እምቢ ካልኩ ዘመድ ሁሉ ጨካኝ ይለኛል።» ቀጥላ እንደ ዳኛ ማስረጃ ትጠይቅ። «ሁሉ» ማን ማን ነው? ከአሁን በፊት እምቢ ያለ ዘመድ የለም? እርሱንስ ማን አገለለው? ከዚያ ሚዛናዊውን ትጻፍ፦ «እትዬ ይከፋቸው ይሆናል፤ ግን በሌላ መንገድ ልረዳቸው እችላለሁ።»

ወረቀት ላይ ከቀረ ዋጋ የለውም። ሙከራው ከትንሹ ይጀምራል፤ ፈተና ስታርም ለጨዋታ ለመጣች ጎረቤት «ከዐስር ሶላት በኋላ ነይ» ማለት። ምን ይመጣል ብላ እንደፈራች አስቀድማ ትጻፍ፤ የሆነውንም ከጎኑ ታስፍር። ለአክስቷም «እትዬ፣ ማደሪያ የለኝም፤ ቤት ፍለጋውን ግን አብሬው እዞራለሁ» ትበል። ምክንያት መደርደር ወደ ውሸት ይወስዳል። ላናደርገው የቆረጥነውን «ኢንሻአላህ» ብለን ማምለጣችንማ የአላህን ስም መሸሸጊያ ማድረግ ነው።

ሱረቱ አን-ኑር 28ኛው አንቀጽ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ተመለስ» የተባለ ሰው እንዲመለስ ያዛል፤ መከልከል የባለቤቱ መብት ነው ማለት ነው። ሰልማን (ረ.ዐ) ቀን በጾም፣ ሌሊት በሶላት ራሱን ላደከመው ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ነፍሱም ቤተሰቡም ሐቅ እንዳላቸው ሲነግረው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ።

ፍርሃት ሁሉ ግን የሐሳብ ስሕተት አይደለም። «እምቢ ካልኩ ይመታኛል» የምትል ሴት ከዚህ በፊት ተመትታ ከሆነ፣ ማስረጃው በእጇ ነው። ለእርሷ ደብተር አይሰጣትም፤ መጠጊያ ይፈለግላታል።