ሩባርብን ከቆስጣ ለይቶ ስለ ማወቅ

በእንግሊዝ አገር የብርዱ ወራት አልፎ የመጋቢት ፀሐይ ምድሩን ማሞቅ ሲጀምር፥ በየጓሮው ቀድመው ብቅ ከሚሉት አትክልቶች አንዱ ሩባርብ ነው። ከመሬት ሲወጣ እንደ ጡጫ የተጨበጠ ቀይ እንቡጥ ይመስላል፤ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን እንደ ጃንጥላ የሰፋ ቅጠል ይዘረጋል። ያገሩ ሰው ቅጠሉን ጥሎ ጎምዛዛውን አገዳ በስኳር ቀቅሎ ይበላል፤ ወይም በሊጥ ሸፍኖ ይጋግረዋል፤ ማርማላታም ይሠራበታል። የእኛ ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጎመንም ቢሆን ቆስጣም ቢሆን፥ ቅጠሉን ቀንጥሰን አገዳውን እንጥላለን። በዚያ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን አደጋው በዚህ ላይ ነው፤ የሩባርብ ቅጠል መርዝ ነውና።

ነገሩን የሚያከፋው ቀይ አገዳ ያለው የቆስጣ ዓይነት ለሩባርብ እጅግ መምሰሉ ነው። ሆኖም ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ልዩነቱ ይታወቃል። የቆስጣ አገዳ ጠፍጠፍ ብሎ በቅጠሉ መካከል እስከ ጫፍ ድረስ እንደ አከርካሪ ይወጣል፤ የሩባርብ አገዳ ግን ወፍራም ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ሲደርስ እንደ እጅ ጣቶች ወደ ብዙ ጅማት ይከፈላል። ቆስጣ በዘር የሚበቅል ሲሆን፥ ሩባርብ ከዓመት ዓመት ከዚያው ከአሮጌ ሥሩ ያቈጠቍጣል። የተጠራጠረ ሰው ቅጠሉን አይቅመስ፤ ጎረቤቱን ይጠይቅ።

እንግሊዞችም ራሳቸው በዚህ ቅጠል ተጐድተዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1917 እ.ኤ.አ. ግድም፥ ምግብ ስላነሰ የሩባርብ ቅጠል እንደ አትክልት እንዲበላ ለሕዝቡ ተመክሮ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ የታመሙ፥ የሞቱም ሰዎች ተገኙ።

በቅጠሉ ውስጥ ኦክሳሊክ አሲድ የሚባል ነገር በብዛት አለ። ይህ አሲድ በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተጣምሮ እንደ ደቃቅ አሸዋ በኩላሊት ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ቆስጣና ስፒናችም ይህንኑ አሲድ ስለ ያዙ፥ የሩባርብ ቅጠል ጉዳት ከአሲዱ ብቻ ሳይሆን አንትራኪኖን ከሚባሉ ሌሎች ነገሮችም ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ትንሽ የቀመሰ ጤነኛ ሰው ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ለሕፃናትና ኩላሊቱ ለታመመ ሰው ግን ጉዳቱ ይበረታል። ምልክቱ የአፍና የጉሮሮ መቃጠል፥ ማቅለሽለሽ፥ ማስታወክ፥ የሆድ ቍርጠትና ተቅማጥ ነው። የበላውን ሰው በግድ ማስመለስ አይገባም፤ አፉን በውሃ አጕመጥምጦ፥ የተረፈውን ቅጠል ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በእንግሊዝ አገር ለብርቱ ሕመም የሚጠራው የስልክ ቍጥር 999 ነው።

አገዳው ግን ያለ ሥጋት ይበላል። ሥሩ የሚተከለው ከመጸው እስከ ጸደይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ሲሆን፥ ፍግ በተደባለቀበት አፈር፥ ከሌላው ሥር 1 ሜትር ያህል ተራርቆ ይቀመጣል። በተተከለበት ዓመት አንድ አገዳ እንኳ አይነካም፤ በሁለተኛው ዓመት ጥቂት ብቻ ይለቀማል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሥሩን ያደክመዋል። ከዚያ በኋላ ግን 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያፈራል። አገዳው በቢላዋ አይቈረጥም፤ ከሥሩ ይዞ ጠምዘዝ እያደረጉ መሳብ ነው፤ ግማሹም ለተክሉ ይተውለታል። ኃይለኛ ውርጭ መትቶ ያለሰለሰው አገዳ አይበላም። ጎምዛዛ ስለ ሆነ በአሉሚኒየም ድስት ባይቀቀል ይሻላል።

ሥሩ በደንብ እንዲያፈራ የብርድ ዕረፍት ይሻል። በዮርክሻየር በዌክፊልድና በሊድዝ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ውርጭ ያገኘውን ሥር ነቅለው ወደ ጨለማ ቤት ያስገቡታል፤ በዚያም ያለ ፀሐይ የወጣውን ለስላሳ አገዳ በሻማ ብርሃን ይለቅማሉ። የዚህ ሩባርብ ስም በ2010 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተጠብቆለታል።

በዚያው ጸደይ ባቄላ፥ አተር፥ ሽንኵርትና ድንች ይዘራሉ፤ ይተከላሉም። ድንቹ ፀሐይ አይቶ አረንጓዴ እንዳይሆን አፈር ይከመርበት፤ አረንጓዴ የሆነውም ይጣል። ቆስጣ ከሚያዝያ ጀምሮ የሚዘራ ሲሆን፥ ከሩባርቡ ርቆ በጓሮው ሌላ ወገን ቢሆን ለቀጣፊው እጅ ይመቻል። የሩባርቡ ቅጠል እዚያው በተለቀመበት ቦታ ተቈርጦ ወደ ብስባሹ ጕድጓድ ይጣል፤ መርዙ ሲበሰብስ ስለሚፈርስ አፈሩን አይጐዳም፤ ወደ ወጥ ቤትም የሚገባው አገዳው ብቻ ይሆናል።