የፊልም ካሜራ፣ ዲጂታልና በየቤቱ የቀረው ነጋቲቭ

ዛሬ በቦሌ፣ በገርጂና በመገናኛ ፎቶ ቤቶች ጉርድ ፎቶግራፍ በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥቶና ታትሞ ስለሚወጣ፣ ፊልም አሳጥቦ ውጤቱን ለማየት ቀጠሮ ይጠበቅ የነበረበትን ዘመን ብዙው ወጣት አያውቀውም። ሆኖም በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የሶቪየት ኅብረቱ ዜኒት፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ፕራክቲካ ወይም የጃፓኑ ኒኮን ተጠቅልሎ ሊገኝ ስለሚችል፣ ይህ ዕቃ ወደ ዲጂታል ይለወጥ እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ሁለቱ የካሜራ ዓይነቶች በዋናነት የሚለያዩት ብርሃንን በሚቀበለው ክፍላቸው ነው። በፊልም ካሜራ፣ ሻተር የሚባለው መጋረጃ ለቅጽበት ሲከፈት በሌንሱ ያለፈው ብርሃን የብር ውሁድ በተቀባ፣ 24 በ36 ሚሊ ሜትር በሆነ የፊልም ገጽ ላይ ያርፋል፤ በዲጂታሉ ግን በዚያው ስፍራ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ሴንሰር ተተክሏል። ፊልሙን አውጥቶ ሴንሰር ማስገባት ቀላል ቢመስልም፣ ፊልም እጅግ ስስ በመሆኑ ከበስተጀርባው ለሴንሰርና ለኤሌክትሮኒክስ የሚተርፍ ቦታ የለም፤ የሻተሩን መከፈት ለሴንሰሩ የሚያሳውቅ ግንኙነትም ተለይቶ ሊበጅ ይገባል።

እንዲህ ያለው ሙከራ ግን አዲስ አይደለም፤ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1991 ለባለሙያዎች ያቀረበው ዲጂታል ካሜራ በኒኮን ኤፍ 3 የፊልም ካሜራ አካል ላይ የተሠራ ሲሆን፣ የምስሉ ጥራት 1.3 ሜጋፒክስል፣ ማለትም 1.3 ሚሊዮን ነጥቦች ብቻ ነበር፤ ምስሉ የሚከማችበት ሣጥንም ለብቻው በትከሻ ይነገት ነበር። ሲሊከን ፊልም የተባለው ኩባንያ በፊልሙ ቦታ የሚገባ መሣሪያ እንደሚያቀርብ እ.ኤ.አ. በ1998 ቢያስታውቅም፣ ምርቱን ለገበያ ሳያደርስ በ2001 ሥራውን አቁሟል።

የካሜራውን አካል ከመፍታት ይልቅ ሌንሱን ብቻ መጠቀም እጅግ የተሻለ ነው። የዜኒትና የፕራክቲካ ሌንሶች በአብዛኛው 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥርስ የሚጠመዘዙ ሲሆን፣ ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቀው እንዲቀመጡ ታስበው ተሠርተዋል፤ መስታወት አልባ በሚባሉት አዳዲስ ካሜራዎች ይህ ርቀት በጣም አጭር፣ ለምሳሌ በሶኒ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ አዳፕተር የተባለ ባዶ ቀለበት ልዩነቱን ሞልቶ ሁለቱን ያገናኛል። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳና ትኩረቱን በእጅ ማስተካከል ግን ግድ ነው።

ይሁን እንጂ ከካሜራው ይልቅ መለወጥ የሚያስፈልገው ነጋቲቩ ነው፤ ካሜራው ቢጠፋ ሌላ ይገኛል፣ ነጋቲቩ ግን አይተካም። ነጋቲቭ ማለት ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማው ብርሃን ሆኖ የተቀረጸበት ፊልም ሲሆን፣ ከሥሩ እኩል በሚያበራ ነጭ መብራት ላይ ዘርግቶ፣ ቅርብን በሚያጎላ ሌንስ ከላይ ፎቶ አንሥቶ፣ ከዚያም በኮምፒውተር መገልበጥ ይቻላል። 24 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ የፊልሙን 36 ሚሊ ሜትር ወርድ በ6000 ነጥቦች፣ ማለትም እያንዳንዱን ሚሊ ሜትር በ166 ያህል ነጥቦች ስለሚመዘግብ፣ ለቤተሰብ አልበም ከበቂ በላይ ነው። የቀለም ነጋቲቭ በላዩ ያለው ብርቱካናማ ጥላ መወገድ ስላለበት ተጨማሪ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የዚህ ሥራ ዋጋ በአዲስ አበባ ታይቷል። ፊሊፕ ሹትስ፣ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ የመሠረቱት ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ፕሮጀክት የነዋሪዎችን የቤተሰብ ፎቶግራፎች ወደ ዲጂታል ቀይሮ በመጽሐፍ በማሳተሙ፣ በየሳሎኑ ተዘግቶ የነበረው የሠርግ፣ የትምህርት ቤትና የበዓል ምስል የከተማዋ ታሪክ ምስክር ሆኗል። ከመሀል ከተማ ነባር ሰፈሮች ተነሥተው ወደ አያት፣ ወደ ሰሚትና ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች የገቡ ቤተሰቦች ይህን ሥራ ማዘግየት የለባቸውም፤ በጓዝ ማንሣት ወቅት ቀድሞ የሚጣለው ምንነቱ ያልታወቀ አሮጌ ፖስታ ነውና። ነጋቲቭ ያለው አንባቢ ከመለወጡ በፊት አረጋውያኑን ጠይቆ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በፖስታው ላይ ይጻፍ፤ ከለወጠ በኋላም ነጋቲቩን አይጣል።