ጣት ሲክድ፦ በአሻራ የተዘጋ ኮምፒውተር እንዴት ይከፈታል?

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጭሮ ገባን። አረጋውያኑ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እያሉ የሚጠሯት ይህች የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ በጨርጨር ተራሮች መካከል ትገኛለች። የመጣነው ለዘመድ ጥየቃ ነበር። ዘመዶቻችን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የማሽላ ማሳቸው የፈረሰ የድንጋይ እርከን ሲክቡ ስለደረስን፣ እጅን አጣጥፎ መቆም ነውር መስሎን ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ስናቀብል ዋልን። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የተማሪዎቻችንን ውጤት ለመላክ ላፕቶፓችንን ከፍተን ጣታችንን ከአሻራ መለያው ላይ ብናሳርፍ አላወቀንም። ጠረግነው፤ ደገምነው፤ አላወቀንም። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ማሽኑ አሻራ መቀበሉን ትቶ የምስጢር ቁጥር ጠየቀን። ቁጥሩን የመዘገብነው ከሁለት ዓመት በፊት ሲሆን ከዚያ ወዲህ በጣት ብቻ ስንገባ ፈጽመን ረስተነዋል። በማሽኑ ውስጥ የሦስት ክፍል ተማሪዎች ውጤትና የአንድ የማስተርስ ተማሪያችን የስምንት ወር የልኬት መረጃ ነበረ። መረጃው ሌላ ቅጂ አልነበረውም። (ለተማሪዎቻችን ስለ ቅጂ ስንት ጊዜ እንደተናገርን አሁን ማስታወሱ አይበጅም።)

ለመሆኑ ማሽኑ የገዛ ባለቤቱን ጣት እንዴት ሊክድ ቻለ? በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ያለው የአሻራ መለያ ካሜራ አይደለም። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ካፓሲተሮች የተደረደሩበት ሰሌዳ ነው። የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 40,000 ያህሉ ይሰለፋሉ። ከካፓሲተሩ ሁለት ገጾች አንዱ የሰሌዳው ብረት ሲሆን ሁለተኛው የእኛው ቆዳ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንደሚታወቀው ካፓሲታንስ በሁለቱ ገጾች መካከል ካለው ርቀት ጋር ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። የአሻራው ሸንተረር ሰሌዳውን ስለሚነካ ከፍ ያለ፣ በሸንተረሮቹ መካከል ያለው ቦይ ግን በአየር ስለሚለይ ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ «አሻራ» የሚለው ይህንን የዋጋዎች ካርታ ነው።

እንግዲህ ድንጋይ ሸንተረሩን ሲፍቀው በሸንተረርና በቦይ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። የበጋው ደረቅ አየር ቆዳውን ሲያደርቀው ደግሞ ንክኪው ይቆራረጣል፤ ሙሉ የነበረው መስመር ነጠብጣብ ሆኖ ይነበባል። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቆላ ቢወረድ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ላብ ቦዮቹን ይሞላቸዋል፤ የውኃ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ 80 ያህል፣ የአየር ግን 1 ገደማ ስለሆነ ሸንተረሩና ቦዩ አንድ መስለው ይታያሉ። በሁለቱም አጋጣሚ ጣቱ ያው ነው፤ የተበላሸው ልኬቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የምስጢር ቁጥር ወይ ልክ ነው ወይ ስሕተት ነው፤ አሻራ ግን እንደ ማንኛውም ልኬት ስሕተት ስላለው ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆኖ አይነበብም። ኮምፒውተሩ የሚጠይቀው «ምን ያህል ይመሳሰላል?» ብቻ ነው፤ ከተወሰነ ወለል በላይ ከሆነ ያስገባል። ወለሉን ዝቅ ቢያደርጉት ሌባ ይገባል፤ ከፍ ቢያደርጉት ባለቤቱ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ አሻራ ራሱ ቁልፍ አይደለም፤ ቁልፉን የያዘውን ዘበኛ የሚያሳምን ምልክት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 አሻራ የሚያነብ ስልክ ለገበያ ሲያቀርብ የሌላ ሰው ጣት በአጋጣሚ የሚያልፍበት ዕድል ከ50,000 አንድ መሆኑን ገልጾ፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲነሣ ወይም አምስት ጊዜ ሳይሳካ ሲቀር ግን የምስጢር ቁጥር እንዲጠየቅ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ዊንዶውስም አሻራ ከመመዝገቡ በፊት የምስጢር ቁጥር እንዲኖር ያስገድዳል። በአገራችንም ፋይዳ የተሰኘው ዲጂታል መታወቂያ የአሥሩን ጣቶች አሻራ ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ዓይኖች አይሪስና የፊት ምስልንም ይመዘግባል። ማሽላ ለሚቆርጥና ድንጋይ ለሚክብ ሕዝብ በአንድ ጣት መታመን እንደማይበቃ እኛ በሁለት ቀን ሥራ አይተነዋል።

ወደ ችግራችን እንመለስ። ላፕቶፑን ይዘን ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄድን። ባለሙያው በፍላሽ ሊያስነሣው ብሎ የማስነሻ ቅንብሩን ቢነካካው ሰማያዊ ገጽ ብቅ አለና 48 አኃዞች ያሉት የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ጠየቀ። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ ዘዴ የተመሰጠረ ነበር፤ የማስነሻ ሥርዓቱ ሲለወጥበት ጥርጣሬ ገብቶት በሩን ሁሉ ዘጋ። «ፎርማት ይደረግ» አለን። ፎርማት ማድረግ ኮምፒውተሩን እንጂ ፋይሉን አይመልስም። የተመሰጠረ ዲስክ ተነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢገጠምም ትርጉም የሌለው የአኃዝ ክምር ነው።

ያዳነን ከጎን ተቀምጦ ስልክ ሲጠግን የነበረ ወጣት ነው። «ባርሲሳ» አለን፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። «ላፕቶፑን ሲገዙ በኢሜይል ነው ያስመዘገቡት? ኢሜይሉ በስልክዎ ይከፈታል?» ይከፈታል። በዚያው በስልካችን ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችን ስንገባ ቁልፉ፣ ስድስት ስድስት አኃዝ በያዙ ስምንት ምድቦች ተከፍሎ ተቀምጦ አገኘነው። እሱ እያነበበ እኛ ጻፍን። ዊንዶውስ ሲነሣ የስልካችንን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ አጋርተን፣ በመግቢያው ገጽ ላይ ካለው የምስጢር ቁጥር ሳጥን ሥር «ረሳሁት» የሚለውን መረጥን። የአካውንቱን የይለፍ ቃልና ወደ ስልካችን የተላከውን ኮድ ካስገባን በኋላ አዲስ ቁጥር አወጣን። ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነበር። ወጣቱ ሒሳብ አልቀበልም ብሎን ሻይ ጋበዝነው።

አካውንት ከኢንተርኔት ጋር ሳይያያዝ በማሽኑ ላይ ብቻ የተከፈተ ከሆነ ይህ መንገድ አይሠራም። ያን ጊዜ የሚረዱት አስቀድሞ የተመዘገቡ የደኅንነት ጥያቄዎች ወይም በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለ ሌላ የአስተዳዳሪ አካውንት ናቸው። ሁለቱም ከሌሉ፣ ዲስኩም ተመስጥሮ የመልሶ ማግኛ ቁልፉ ከሌለ፣ ውድ አንባቢያን፣ ሊቅ ተጠርቶም አይሆንም፤ ምስጠራው የተሠራውም ለዚሁ ነውና።

የተፋቀው ጣታችንስ? በጃፓን ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሄንሪ ፎልድስ ከተማሪዎቹ ጋር የጣታቸውን ሸንተረር በምላጭና በመፋቂያ አጥፍተው ሲጠብቁ፣ ያው ቅርጽ መልሶ በቅሎ አይተዋል። ፎልድስ ስለ ጣት አሻራ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1880 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። የቅርጹ መሠረት ከላይኛው ቆዳ ሥር ስለሚገኝ ላዩ ቢላጥም ሥሩ ይተካዋል። የእኛም በታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ላፕቶፑን እንደ ቀድሞው ከፈተው። እስከዚያ ግን ድንጋይ ያልያዙትን የግራ እጃችንን ሁለት ጣቶች አስመዝግበን፣ 48ቱን አኃዞች በወረቀት ጽፈን ከቤት መዝገባችን ጋር አኑረን፣ የማስተርሱን ተማሪ መረጃ ደግሞ በሁለት ፍላሽ ገልብጠን አንዱን ለራሱ ሰጥተነዋል።