ቤተ ሙከራ በስክሪን ላይ

ኬሚስትሪ ተሸምድዶ ብቻ የሚታወቅ ትምህርት አይደለም፤ እጅ ይፈልጋል። ታዲያ በባሮ ወንዝ ዳር ኢታንግ የሚማር ልጅ የሚሞክርበት ጠርሙስና አሲድ ባያገኝ ምን ያድርግ?

አንዱ መላ በኮምፒዩተር የሚሠራ ቤተ ሙከራ ነው። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው «ኬምኮሌክቲቭ» ትምህርቱንም መልመጃውንም በነፃ ይሰጣል። በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ «ፌት» ደግሞ ኢንተርኔት ባለበት አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ጥያቄው ለምሳሌ እንዲህ ነው፦ በሊትር 1 ሞል ጨው ካለበት ውሃ ተነስተህ፣ 0.1 ሞል ያለበትን 1 ሊትር አዘጋጅ። ተማሪው 100 ሚሊ ሊትር ቀድቶ እስከ 1 ሊትር ድረስ ውሃ ይሞላበታል። ቢሳሳት የሚሰበርም የሚያቃጥልም የለም፤ ደግሞ ይሞክራል።

ሆኖም ስክሪን ሽታና ሙቀት የለውም። ስለዚህ ወላጆች በቤት እናግዝ። የከርከዴ ውሃ ሎሚ ሲጨመርበት ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ የተጣራ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል። «አልካሊ» የሚለው ስም ራሱ የተክል አመድን ከሚያመለክተው «አል-ቀሊ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። የአመድ ውሃ ዓይን ስለሚጎዳ ግን ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይሁን።

ስልኩም ኮምፒዩተሩም ለጨዋታ ብቻ አይዋል፤ ለዒልምም እናውለው።