ለዐረፋ ወደ አገር ቤት ከመውጣታችን በፊት፦ መኪናው ቀድሞ የሚናገራቸው ምልክቶች

የዐረፋ በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ ዞን የሚወርደው መኪና ብዛት የታወቀ ነው። በዓለም ገና፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ በኩል ወልቂጤ ለመድረስ 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ከዚያ ገሚሱ ወደ ጉብሬ ታጥፎ፣ አታትን አልፎ ወደ እምድብር ይቀጥላል። ዓመቱን ሙሉ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ሲመላለስ የከረመ መኪና በዚያ ቀን መላ ቤተሰቡን፣ ሻንጣውንና የስኳር ከረጢቱን ተሸክሞ ረጅም መንገድ ይወጣል። ሲመለስ ደግሞ ቆጮና ቅቤው አለ። ተደብቆ የቆየ ችግር የሚወጣውም ያኔ ነው።

ጉዳዩ የበዓል መንገደኛ ብቻ አይደለም። የአታት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1969 ከተቋቋመ ጀምሮ ከሩቅ ገጠር ሕመምተኛ የሚመጣበት ቦታ ነው። ለአደጋ የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ ያዘጋጀውም ምጥ የያዛት እናት መንገድ ላይ እንዳትቀር ነው። በዓሉን ለማክበር አገር ቤት የገባ ባለ መኪና ሌሊት በሩ ቢንኳኳ እምቢ አይልም። ያን ጊዜ መኪናው አስተማማኝ ካልሆነ ዋጋውን የምትከፍለው ከኋላ የተኛችው እናት ናት።

ከፍሬን እንጀምር። ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ቀጭን ሲጢጥታ ብዙ ጊዜ ሸራው እያለቀ መሆኑን ይናገራል። በብዙ መኪኖች ላይ ሆን ተብሎ ለዚህ የተሠራች ቀጭን ብረት አለች፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። ድምፁ ወደ ብረት ለብረት መፋጨት ከተቀየረ ግን የማስጠንቀቂያው ጊዜ አልፏል፤ አሁን ዲስኩም እየተበላ ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ወይም ከወትሮው ወደ ታች ከወረደ ዘይቱ ይፈሳል ወይም አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ አንድ ኪሎ ሜትርም መንዳት አያስፈልግም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ለዚህም ነው ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚሉት። ያረጀ ዘይት ከተማ ውስጥ ላይታወቅ ይችላል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚያልፍ ሰው ግን የጊቤን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከረገጠ ሙቀቱ ዘይቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላዋል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የተቃጠለ ነገር ሽታ ከሸተተ ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ ነው። ከመጀመሪያውም ቢሆን ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ይሻላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሹፌር ቁጠባው ምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሁለተኛው የሙቀት ነገር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ የሚሠራው በ90 ዲግሪ ግድም ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርጉት የራዲያተር ክዳን የሚይዘው ግፊትና ትክክለኛው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ናቸው። በመሆኑም ላስቲኩ የተበላ ክዳን እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። ዝም ብሎ የቧንቧ ውሃ መሙላትም በጊዜ ብዛት ዝገትና ቅርፊት ያመጣል። ውሃ በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው፦ ወይ መሬት ላይ፣ ወይ ሞተር ውስጥ። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ወጥቶ ጣፋጭ ሽታ ካለው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይሄድ አልቀረም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። የሙቀቱ መርፌ ከተለመደው ቦታ ከፍ ካለ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ክዳኑን ግን እስኪቀዘቅዝ አለመንካት። ብዙ ፊት የተቃጠለው በዚያች ችኮላ ነው።

ቀላሉ ምርመራ ካርቶን ነው። ማታ ከሞተሩ ሥር አንጥፎ ከፈጅር ሶላት በኋላ ማየት ብቻ። ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ የሞተር ዘይት፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ከጎማ አጠገብ ቀላ ያለ ቢጫ ቅባት ከታየ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል ጉዞው ይቆይ። በዚያው ጠዋት ሞተሩ በዝግታ ከተነሳና መብራቱ ከደከመ ባትሪው ወይም ዲናሞው ይታይ።

ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ማየት ያስፈልጋል። ጎኑ ላይ 2319 የሚል ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጎኑ ያበጠ ጎማ ንፋስ ቢሞላም አይድንም። በአንድ ጎን ብቻ የሚበላ ከሆነ ችግሩ ከጎማው ሳይሆን ከአሰላለፉ ነው። መሪው በፍጥነት ላይ ከተንቀጠቀጠ ባላንስ፣ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ይታይ። ስኮርታውም ንፋስ ይኑረው፤ ክሪኩም አብሮ ይሂድ።

ኩሩስኮቶው ላይ ቀይ መብራት ከበራ፣ በተለይ የዘይት ምልክቱ፣ ወዲያው ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ብርቱካናማ መብራት እስከ ጋራዥ ያደርሳል፤ የሞተሩ ምልክት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን እሱም አያደርስም። በኤሌክትሪክ መኪና የሚሄዱ ወገኖች የዘይትና የጭስ ጣጣ የለባቸውም፤ ፍሬን፣ ጎማና የባትሪ ማቀዝቀዣ ግን እነርሱም ዘንድ አለ።

«ቦሎ አድሻለሁ» የሚለው መልስ አያዋጣም። ዓመታዊ ምርመራው የሚናገረው ስለዚያ ቀን ነው፤ ሸራ በሁለት ወር ሊያልቅ ይችላል። ጋራዦች ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ስለሚጨናነቁ ፍተሻው ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ የተቀየረውን ዕቃ ከተማ ውስጥ ነድቶ ለማየትም ጊዜ ይገኛል። መንገድ ላይ ምልክት ከታየ ደግሞ ወሊሶ ወይም ወልቂጤ ላይ ማሳየት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ገጠሩ በተገባ ቁጥር መካኒክም መለዋወጫም ማግኘት እየከበደ ይሄዳል።