ጋቢናና ካሶኒ የሚጋጠሙበት

ዴንቨር ውስጥ በምሠራበት የቦዲ ጋራዥ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል ፒክአፑን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ካሶኒው ላይ የሚያድርበት ክፍል እንድንሠራለት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀውም የፎሙን ውፍረት ነው። አልፈርድበትም። ከዚህ ወደ ሮኪ ተራሮች የሚወጣው መንገድ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የአይዘንሃወር ዋሻ ያልፋል፤ እዚያ አካባቢ የጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እኔ ግን ወሬውን ከመጋጠሚያዎቹ እጀምራለሁ። ብርድም ውሃም ጭስም መንገድ የሚያገኙት አንዱ ነገር ከሌላው በሚገናኝበት ቦታ ነው።

ብዙዎች የብረት አጥንት ይበይዱና በየመሃሉ ፎም ይሞላሉ። ብረት ሙቀትን ከጥድ ጣውላ ከ300 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ከውጭው ላሜራ እስከ ውስጡ ኮምፔንሳቶ የዘለቀ ብረት ካለ፣ አጠገቡ ያለው 5 ሴንቲ ሜትር ፎም አያድነውም። ስለዚህ አጥንቱን ከጣውላ እሠራለሁ፤ ብረት ግድ ከሆነም ከአጥንቱ በላይ ሳይቋረጥ የሚያልፍ አንድ ንጣፍ ፎም እጨምራለሁ።

ከዚያ እርጥበቱ አለ። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲያድር ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በትንፋሽና በላብ ይወጣዋል። 1 ኪሎ ፕሮፔን ጋዝ ሲነድ ደግሞ 1.6 ኪሎ ገደማ የውሃ እንፋሎት ይሰጣል። ይህ ሁሉ ቀዝቃዛ ብሎንና ብረት ፈልጎ ይንጠባጠባል፤ ፍራሹም ከሥሩ ይሻግታል። ስለዚህ ጣሪያው ላይ መተንፈሻ፣ ወለሉ አጠገብ አየር ማስገቢያ እተዋለሁ፤ በብርድም ቢሆን በትንሹ ተከፍተው ያድራሉ።

ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ወደ ጋቢና የሚያሳልፈው መተላለፊያ ነው። ብቻዋን የምትጓዝ አንዲት ደንበኛዬ፣ “ሌሊት የማላውቀው ሰው ቢያንኳኳ ሳልወርድ ሞተር አስነስቼ መሄድ እፈልጋለሁ” አለችኝ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው መተላለፊያው ቅንጦት አይደለም።

ችግሩ ጋቢናና ካሶኒ ሻንሲው ላይ ለየብቻቸው መታሰራቸው ነው። መንገዱ ሲጎረብጥ ሻንሲው ይጣመማል፤ ሁለቱም በየፊናቸው ይንቀሳቀሳሉ። በብረት ወይም በፋይበር ቢያያዙ አንዱ ይሰነጠቃል። መፍትሔው አዲስ አበባ ውስጥ ባለው ተቀጣይ አውቶቡስ መሃል ላይ እንደምናየው ያለ፣ እየተሳበ የሚመለስ የጎማ ማያያዣ ነው። የጋቢናውን የኋላ ላሜራም አልቆርጥም፤ መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያውን ከሚሸከሙት አንዱ እሱ ነው። የኋላውን መስታወት አውጥቼ በዚያው ክፍት ቦታ እጠቀማለሁ። ጠባብ ነው፣ ግን ያሳልፋል።

ይኸው ቀዳዳ ጭስም ያሳልፋል። መኪና ሲሄድ ከጀርባው የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ከጭስ ማውጫው የወጣው ወደዚያ ይሳባል። የኋላው በር ካልገጠመ ጭሱ ክፍሉ ውስጥ ይገባል፣ በመተላለፊያውም ሹፌሩ ዘንድ ይደርሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከቦዲው አሳልፌ አወጣለሁ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳይገጠም ክፍሉን አላስረክብም። መተላለፊያውም ፎም ያለበት መዝጊያ ይኖረዋል፤ የጋቢናው መስታወት ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ይለቃልና።

የውስጡን ግድግዳ ከመዝጋቴ በፊት አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጥቼ ሻንሲው ሲጣመም ማያያዣው እንዴት እንደሚሳብ አያለሁ፤ ከዚያ በጎማ ቱቦ ውሃ እረጭበታለሁ። ደንበኛው ቢቸኩልም ይህን አልዘልም። ፎም ያነሰው ሰው ወፍራም ብርድ ልብስ ይጨምራል፤ መጋጠሚያው የተበላሸበት ግን ግድግዳውን አፍርሶ እንደገና ከመጀመር ሌላ ምርጫ የለውም።