የቀድሞ አባቶችን ስለ መፈለግ
ከኖርዌይ የሰበካ መዝገብ እስከ ንፋስ ስልክ የእድር ደብተር

አንድ የኮሌጅ ተማሪ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የአባቱንና የአያቱን ስም ሳይቸገር ይመልሳል። የቅድመ አያቱን ስም ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልገዋል። ከዚያ በላይ ያለውን የሚያውቁለት ምናልባት አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ብቻ ይሆናሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትውልድ ሐረግ በምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚፈለግ፣ በሌላ አገር የተለመደው ዘዴ ለእኛ ምን ያህል እንደሚያገለግል፣ በተለይም በደቡብ አዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው የቀድሞ አባቶቹንና እናቶቹን ለማግኘት ቢነሣ ከየት ሊጀምር እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

ለማነጻጸሪያ የመረጥነው አገር ኖርዌይ ነው። ይህን ያደረግንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ አገር የተራው ገበሬ የትውልድ ሐረግ ሳይቀር በጽሑፍ ይገኛል። ሁለተኛ፣ የጥንቱ የስም አጠራራቸው ከእኛ ጋር በጣም ይቀራረባል። ሃንስ የሚባል ሰው ኡላ የሚባል ልጅ ቢወልድ ልጁ ኡላ ሃንሰን፣ ማለት የሃንስ ልጅ ኡላ ይባል ነበር፤ ሴት ልጁ ደግሞ ሃንስዳተር ትባላለች። የኡላ ልጅ እንደ ገና ኡልሰን ይሆናል እንጂ የአያቱን ስም አይወርስም። በዚህ ላይ የሚያርሱት የእርሻ ቦታ ስም ይጨመራል፤ ሰውየው ወደ ሌላ እርሻ ቢዛወር ይህኛው ስም ይለወጣል። ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ በሕግ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው።

እንግዲህ ስሙ በየትውልዱ የሚለዋወጥ ከሆነ ሐረጉ እንዴት ሳይጠፋ ቀረ? መልሱ የሰበካው ቄስ መዝገብ ነው። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረች ቄሱ እንደ መንግሥት ሹም ሆኖ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን የመመዝገብ ግዴታ ነበረበት። እስካሁን ከሚገኙት መዝገቦች ጥንታዊው እ.ኤ.አ. በ1623 የተጀመረ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ መዝገቡ በታተመ ቅጽ ይሞላ ጀመር፤ ከሰበካው የሚወጣና ወደ ሰበካው የሚገባ ሰው ሳይቀር የሚጻፍበት ዓምድ ነበረው። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1801 የአገሩ ሕዝብ በሙሉ በየእርሻውና በየቤቱ፣ ስሙ፣ ዕድሜውና ሥራው እየተጻፈ ተቆጠረ። በ1865 የተደረገው ቆጠራ የትውልድ ቦታን ጨመረበት። የቆጠራው ዝርዝር አንድ መቶ ዓመት ሳይሞላው ለሕዝብ አይከፈትም፤ የ1920ው ቆጠራ የተከፈተው በ2020 ነው። ከ1825 ጀምሮ ባለው አንድ መቶ ዓመት ውስጥ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተሰደዱት ስምንት መቶ ሺህ ያህል ኖርዌያውያን የተወለዱ ሰዎች ዛሬ የቅድመ አያታቸውን ስም፣ የእርሻውን ስምና የጥምቀቱን ቀን ይዘው ከዚሁ መዝገብ ያመሳክራሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ተራው ሰው የተመዘገበበት እንዲህ ያለ ጥንታዊ መዝገብ አናገኝም። ይሁን እንጂ መዝገብ የለም ማለት ሐረግ አይታወቅም ማለት አይደለም። ኖርዌያዊውን ቄስ ሕግ እንዲጽፍ እንዳስገደደው ሁሉ የእኛን ባላገር ደግሞ ርስት እንዲያስታውስ አስገድዶታል። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የሰሜን አውራጃዎች የርስት መብት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር። ይህም መብት በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይወረስ ስለ ነበር፣ ባለጉዳዩ በዳኛ ፊት ቆሞ «እኔ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሊት» እያለ እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቍጠር ነበረበት። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አጥኚ በጎጃም በደጋ ዳሞት ያጠናውን ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ገልጾታል። ሁለተኛው አስገዳጅ ነገር ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ እንዳይጋቡ በሚከለክለው ልማድ የተነሣ ሽማግሎች ከእጮኛነት በፊት ሐረግ ይቈጥሩ ነበር። አንዱን ትውልድ በ30 ዓመት ብናስበው ሰባት ቤት 210 ዓመት ያህል ይሆናል። ይህ ዘመን ከላይ ከተመለከትነው የ1801 የኖርዌይ ቆጠራ ብዙም አይርቅም።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ግን የራሱ ታሪክ አለው። «ነፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ ለሚተላለፈው ቴሌግራፍ የተሰጠ ስም ሲሆን፣ ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ስም ነው። ሁለቱ ስሞች ተጣምረው አሁን ክፍለ ከተማ የሆነው ቦታ ከከተማው መስፋፋት በፊት የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎች ያርሱበትና ከብት ያረቡበት ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ መሬት በቃላድ እየተለካ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን በመሰጠቱ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሐረግን ያቆየው የርስት ክርክር ሳይሆን ጎሳ ነው። የኦሮሞ ልጅ አባቶቹን በወንድ መስመር ወደ ላይ ይቈጥራል፤ ከገዛ ጎሳውም አያገባም። በኋላ ደግሞ በደብረ ዘይት መንገድና በሳሪስ ፋብሪካዎች ለመሥራት፣ ለንግድና ለትምህርት ከጉራጌ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከሌላም አገር የመጡ ሰዎች ሰፈሩበት። በዛሬው ጀሞ ወይም ለቡ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ በእናት ርስት የሚቈጥርና በአባት ጎሳ የሚቈጥር ሰው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ፈላጊው ከሁሉ አስቀድሞ የእርሱ ቤተሰብ በየትኛው መንገድ ይቈጥር እንደ ነበረ ለይቶ ማወቅ አለበት።

በጽሑፍ ያለውን ማስረጃ ስንመለከት ከሁሉ የሚቀድሙት በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የሚገኙት ማስታወሻዎች ናቸው። በተለይ በወንጌል ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና ኑዛዜ ከነዋሶቹና ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በዚህ የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከ1966 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ግልባጩም በአሜሪካ በሚኒሶታ ይገኛል። ነገር ግን በእነዚህ ማስታወሻዎች የሚገኘው መሬት የነበረው፣ የገዛ ወይም የመሰከረ ሰው ነው። የጭሰኛው፣ የባሪያውና የባለእጁ ስም እምብዛም አይገኝም።

ለከተማው ነዋሪ የሚቀርቡት ማስረጃዎች ከዚህ የተለዩ ናቸው። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው የሕዝብ ቆጠራን ነው። አገር አቀፍ ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል። ዳሩ ግን ለሕዝብ የሚወጣው ድምሩ ነው እንጂ የእያንዳንዱ ሰው መልስ በምሥጢር የሚጠበቅ ስለ ሆነ ሐረግ ፈላጊን አይረዳውም። የልደት ምዝገባም ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ እዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ ይኸው ክፍል ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ እንዳይሠራበት ተወስኖ ነበር። አገር አቀፍ ምዝገባ የታወጀው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የኮሌጅ ተማሪ የሆነው ሰው ከዚህ ምዝገባ በፊት የተወለደ ነው።

በመካከሉ ያለውን ዘመን የሚሞሉ ሦስት ዓይነት መዝገቦች አሉ። የመጀመሪያው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ቀበሌዎች፣ በየቤት ቁጥሩ የያዙት የቤተሰብ ቅጽ ነው። ሁለተኛው የአብያተ ክርስቲያናት ማኅደር ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስምና የክርስትና አባት ወይም እናት ስም በምስክር ወረቀት ላይ ይገኛሉ፤ ሰበካ ጉባኤ ከተቋቋመ ወዲህም የአባላት መዝገብ አለ። መካኒሳ ላይ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ያላት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም. ስትመሠረት ከረዷት ሚሲዮኖች አንዱ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ስለ ነበረ፣ ከላይ የተመለከትነው የጥምቀት መዝገብ ልማድ በዚህ በኩል ወደ አገራችን ገብቷል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው እንደ ማስረጃ የማያስበው የእድር ደብተር ነው። የእድሩ ጸሐፊ የአባሉን ስም፣ የገባበትን ቀን፣ የሚከፍለውን መዋጮ ይጽፋል። ሐዘን በደረሰ ጊዜም ለማን እንደ ተከፈለ፣ የሞተው ለአባሉ ምኑ እንደ ሆነ ያሰፍራል። የአባትና የእናት፣ የባልና የሚስት፣ የልጅና የወንድም ሞት የተለያየ ክፍያ ስላለው ዝምድናው ተለይቶ መጻፍ አለበት። በገጠር የሞተች እናት ሳትቀር ልጇ በሳሪስ መርዶ በተቀመጠበት ቀን ስሟ በደብተሩ ሊገባ ይችላል። በእኛ አስተያየት ከኖርዌዩ ቄስ መዝገብ ጋር ሊነጻጸር የሚችለው የአዲስ አበባ መዝገብ ይህ ነው። ሆኖም ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ሲበተን እድሩም አብሮ ይፈርሳል፤ ደብተሩም በጸሐፊው ቤት ሣጥን ውስጥ ይቀራል ወይም ይጣላል።

አሁን አሠራሩን በአጭሩ እናስረዳ። ፈላጊው ከራሱ ጀምሮ ወደ ላይ ይውጣ እንጂ ከዝነኛ አባት ጀምሮ ወደ ታች አይውረድ። ሽማግሎችን ለየብቻ ይጠይቅ፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ ታላቁ የተናገረውን ታናሹ አያስተባብልም። የወንዶቹን ብቻ ሳይሆን የእናቶችንም ስም ይጻፍ፤ ስማችን በአባት ብቻ ስለሚሄድ እናት ካልተጻፈች በሁለት ትውልድ ትጠፋለች። ለአንድ ሰው ያሉትን ስሞች ሁሉ ይመዝግብ። ዳግማዊ ምኒልክ በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው እንደ ነበሩ ሁሉ ተራው ሰውም የቤት ስም፣ የክርስትና ስምና በትምህርት ቤት ወይም በሥራ የተለወጠ ስም ሊኖረው ይችላል። የዓመተ ምሕረት ቁጥር የማያስታውሱ አረጋውያን ዘመንን በታላላቅ ነገሮች ስለሚለዩ «በክፉ ቀን» ሲሉ ከ1880 እስከ 1884፣ «በዓድዋ ዘመቻ» ሲሉ 1888፣ «በኅዳር በሽታ» ሲሉ 1911፣ «በጣሊያን ጊዜ» ሲሉ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. መሆኑን ይወቅ። በመጨረሻም አያቱ የተቀበሩበትን ደብር ይጠይቅ፤ ደብሩ ከታወቀ አገሩ፣ አገሩ ከታወቀም ዘመዱ ይገኛል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ በቃል የተነገረ ሐረግ ሁሉ እውነት አይደለም። በርስት ክርክር ለመርታት ሲባል አባት ይጨመር ወይም ይዘለል ነበር። ስለዚህ መሬቱን ከማይካፈል ሌላ ወገን ጋር ማመሳከር ይገባል። ሁለተኛው፣ የሰው ሐረግ የሰው ክብር ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ከአገራቸው ተነጥቀው የመጡ ሰዎች ልጆች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በሸክላ ሥራ፣ በሽመናና በብረት ሥራ ይናቁ የነበሩ ቤተሰቦችም ዘራቸውን መናገር የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። የጠየቅነው ሰው ዝም ካለ ዝምታውን ማክበር፣ የነገረንንም ያለ ፈቃዱ አለማውጣት ግዴታችን ነው። ሐረግ የምንፈልገው ማን ከማን ይበልጣል ለማለት አይደለም። በጥንቃቄ የተሠራ ሐረግ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው አንዱ ወገን ከሌላው ጋር በጋብቻ የቱን ያህል እንደ ተደባለቀ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ነገር ይህ ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ አወጣው። ርስት ይገባኛል ብሎ ሐረግ የሚቈጥር ሰው ግን ከዚያ ወዲህ የለም። መንግሥት ልደትን መመዝገብ የጀመረው ደግሞ ከ41 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ የማስታወስ ግዴታ ከቀረበት ቀን አንሥቶ የመጻፍ ግዴታ እስከ መጣበት ቀን ድረስ የተወለደው ትውልድ በሁለቱ መካከል ክፍት ቦታ ላይ ቆሟል። ከ1967 በፊት በዳኛ ፊት ሲቈጠር የሰማ ወጣት ዛሬ ሽማግሌ ነው። የላፍቶ መስክ የማን እርሻ እንደ ነበረ በስም የሚያውቁትም አርጅተዋል።

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በሚመጣው ዕረፍት ከቤተሰቡ ታላቅ ከሆነው ሰው አፍ ሰባት ቤት ይጻፍ፤ ነጋሪው ማን እንደ ሆነ፣ የት ቦታና በየትኛው ቀን እንደ ነገረውም ከሥሩ ያመልክት። በሰፈሩ የሚፈርስ እድር ካለ ደብተሩ እንዳይጣል ጸሐፊውን ይለምን። መምህራኖቻችንም የተሰበሰበው ጽሑፍ የሚቀመጥበትን ቦታና ደንብ ቢያዘጋጁልን ሥራው ፍሬ ይኖረዋል። መዝገብ እስኪከፈት መቶ ዓመት መጠበቅ የኖርዌያውያን ዕድል ነው፤ የእኛ መዝገብ ግን በሕይወት ያለ ሰው ስለ ሆነ ያን ያህል አይጠብቀንም።